የመስኮቱ ዋይፋይ

«እማዬ፣ እዚህ ቤት ከእኛ ሌላ ሰው አለ» አለች ጽናት።

ጌታነሽ ከወፍጮ ቤት መመለሷ ነበር፤ ቅንድቧና የነጠላዋ ጫፍ በገብስ ዱቄት እንደነጣ ነው። የልጇን ቃል ስትሰማ መጀመሪያ ያየችው አልጋው ሥር ነው። ቀጥላ ከስኳሩ ጆንያ ኋላ አየች፤ ከዚያ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች። ድመቷ እንኳ አልነበረችም። ጽናት ግን ወደ አልጋውም ወደ ጓዳውም ዞር አላለችም። መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ቆማ፣ ከቲማቲም ቆርቆሮው ውስጥ ያወጣችውን አሮጌ ስልክ በሁለት እጇ ይዛ፣ ግንባሯን ቋጥራ ትመለከታለች።

«የታለ?»

«እዚህ ውስጥ ነዋ» አለች ስልኩን ወደ እናቷ ዘርግታ። «የገቡት ሁለት ናቸው ይላል። አንዱ ያንቺ ስልክ ነው። ሌላውን እንጃ። ቴክኖ ብቻ ነው የሚለው።»

«ሞላሌ ላይ ቴክኖ ያልያዘ ማን አለ?» አለች ጌታነሽ፤ ሌባው አልጋ ሥር አለመሆኑ ደስ ብሏት ነጠላዋን ልታራግፍ ወደ ደጅ ወጣች። ግን ነጠላውን እያራገፈች ነገሩ ገባትና እጇ ቀስ አለ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ሐሙስ የማሙሽ ቀን ነው። ማሙሽ የበኩር ልጇ ነው፤ አብዬ በሚባል አገር ከሰላም አስከባሪው ጦር ጋር ከዘመተ ዓመት አልፎታል። ሰፈራቸው ውስጥ ወታደሩ በየተራ ኢንተርኔት ያገኛል፤ የእሱ ተራ ሐሙስ ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፤ ለእናቱ የሚደውለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ሌላው ወታደር ይተካል። ባለፈው ሐሙስና ከዚያ በፊት በነበረው ሐሙስ ጌታነሽ «እስቲ ወደ ብርሃኑ ዞር በል፣ ከስተሃል ልበል?» ከማለቷ የልጇ ፊት እንደ ተሰነጠቀ መስተዋት ተበታትኖ ጠፍቷል። የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቋል። ከገዛ ሱቋ ካርድ አውጥታ፣ ፍቃ፣ ቁጥሩን ሞልታ እስክትጨርስ የልጁ ተራ አለፈ። ወባ ታሞ እንደተነሣ የነገራት ያን ሰሞን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱን አጥግባ አላየችውም። ጥቅሉን የሚጠጣው ማን እንደሆነ ስታስብ ነው የሰነበተችው፤ እሷ ራሷ ስልኩን ከሐሙስ ሐሙስ በቀር አትነካውም።

ቤቱ አባቷ መርስዔ ኃዘን በድንጋይ ያሠሩት ሰፊ ቤት ነው። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ መሐሉን በእንጨትና በጭቃ ከፍለው፣ በመንገዱ በኩል ያለውን ለጌታነሽ፣ በጓሮው በኩል ያለውን ለታላቅ ወንድሟ ለአባይነህ ሰጥተዋል። ጌታነሽ የፊቱን ክፍል ሱቅ አድርጋዋለች፤ ጨው፣ ስኳር፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የልብስ ሳሙና፣ የአምስትና የአሥር ብር የስልክ ካርድ ትሸጣለች፤ ደንበኛ ሲጠፋ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። አባይነህ ሸማኔ ነው። ከበግ ፀጉር ለብርድ የሚሆን ባናና ዝተት፣ ገንዘብ ያለው ሲመጣ ደግሞ በርኖስ ካባ ይሠራል። የመወርወሪያው ድምፅ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማል፤ ጌታነሽም ከድምፁ ብቻ ወንድሟ ምን እየሠራ እንደሆነ ታውቃለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ድምፁ በየመሐሉ ይቆማል፤ ፈትሉ እየተበጠሰበት ነው። የእሷን ትቶ ከሌላ ሴት መግዛት ከጀመረ ወዲህ ፈትል አልሆነለትም።

ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ወደዚህ ቤት የሚገባው በዚያች በአንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። ማማው የቆመበት ተራራ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ከገቡ ግን ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ያስቀረዋል። ጌታነሽ መጀመሪያ ላይ በርጩማ ላይ ቆማ፣ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ ነበር ከልጇ ጋር የምታወራው፤ መንገደኛው ሁሉ «ምነው እሜቴ፣ ከማን ጋር ነው?» እያለ ይጠይቃታል፤ ንፋሱ ደግሞ ዓይኗን ያስለቅሰዋል፣ ማሙሽም «እማዬ አታልቅሺ» እያለ ይጨነቃል። ጽናት ደብረ ብርሃን ነርስነት ትማራለች። ለእረፍት ስትመጣ ይህንን አይታ ዘዴ ፈለገች። አሮጌውን ስልክ በቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ መስኮቱ ላይ አቆመችው፤ ሆትስፖት የሚለውን ከፈተችና «ይኼኛው ከማማው ይቀበላል፤ ለቤቱ ያከፋፍላል። አንቺ ማሙሽ በላከልሽ በትልቁ ስልክ አልጋሽ ላይ ጋደም ብለሽ ታወሪያለሽ» አለቻት። ማሙሽ ትልቁን ስልክ የላከው ለእረፍት በመጣ ጓደኛው እጅ ነበር። ያ ወታደር ከጌታነሽ ቤት ሲወጣ ሌላ እንደዚያው ያለ ካርቶን ይዞ ወደ ጓሮው በር ታጥፏል፤ ጌታነሽ አይታ እንዳላየች ሆናለች።

የመጀመሪያው ቀን አይረሳም። ጽናት ያለ ቁልፍ፣ እንዲሁ ክፍት አድርጋው ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረምሳ መጥቶ መስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ጓደኛው መጣ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሁሉም አቀርቅረዋል፤ አንዱም አይናገርም። ጌታነሽ ልጄን ሊያጩ ነው ብላ ደነገጠች። ወጥታም «ምን አጥታችሁ ነው? ለሷ ገና ሁለት ዓመት ትምህርት ይቀራታል፤ ሽማግሌ መላክ ቢያስፈልግም በዚህ ዓይነት አይደለም!» ብላ ተቆጣች። ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው «ማዘር፣ እኛ ለዋይፋዩ ነው» አሏት። ጽናት ጓዳ ገብታ እስኪያማት ሳቀች፤ ወዲያውም ቁልፍ ይደረግበት አለች። «ከስምንት ፊደል የማያንስ፣ ማንም የማያውቀው ነገር ንገሪኝ።»

ጌታነሽ ብዙ አላሰበችም። የአባቷን የክርስትና ስም ነገረቻት። መርስዔ ኃዘን አገር የሚያውቀው ስማቸው ነው። ለቁርባንና ለጸሎት የሚጠሩበት ስም ግን ሌላ ነበር፤ ሽማግሌውም ይህን ስም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት፤ ጠላት ሰምቶት ጠንቋይ ቤት ይዞት እንዳይሄድ። ለሚስታቸው እንኳ የነገሯት አብረው የቆረቡ ዕለት ነው ይባላል። ስሙ ማን እንደሆነ እዚህም አይጻፍም። ጽናት «የሰው ስም ፓስወርድ አይሆንም፤ ሰው ይገምተዋል፤ ቁጥር ይቀላቀልበት» ብላ ተከራክራ ነበር። ጌታነሽ ግን «ይኼንን የሚገምት ገና አልተወለደም» አለቻት። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

«ተወልዷል እንግዲህ» አለች ጽናት ዛሬ፣ ስልኩን ወደ ቆርቆሮው እየመለሰች። ከበርጩማው ወረደችና ወደ ግቢው አየች። «እኔ ይሥሐቅን ነው የምጠረጥረው።»

ይሥሐቅ ግቢው ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከዓለም ከተማ የመጣ፣ ዝግ ያለ፣ ኪራዩን ወር ሳይሞላ የሚከፍል ልጅ። በዚያች ሰዓት ለምሳ መጥቶ ደጁ ላይ ጫማውን እየጠረገ ነበር።

«ወንድም ይሥሐቅ፣ ስልክህ ምንድን ነው?» አለችው ጽናት ገና ሳትደርስ።

«ቴክኖ። ምነው፣ ልትለውጪኝ ነው?»

«ሰው ሳያስፈቅዱ የሰው ኢንተርኔት መጠቀም ደስ ይላል?»

ይሥሐቅ መጥረጊያውን ጨርቅ አስቀመጠ። ጌታነሽ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ልጅቷን ልትገሥጽ አፏን ከፍታ፣ ነገር ግን ውስጧ «ምናልባት እሱ ይሆናል» ስላለ ዘጋችው። ለምን እንዳልገሠጸቻት በኋላ ስታስብ አፍራለች። ይሥሐቅ አልተቆጣም፤ ፊቱ ብቻ ትንሽ ጠቆረ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከፍቶ ለጽናት ሰጣት።

«እይው። ያንቺ ስም ይኸው ከላይ ተጽፎ ይታያል። ንኪው። ቁልፍ ይጠይቅሻል። አንድ ቀን እንኳ የገባሁበት ቢሆን አይጠይቅሽም ነበር፤ ይኼን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ጽናት ነካችው። ጠየቃት። ስልኩን መለሰችለትና የምታየው ቦታ ጠፋባት።

«እኔ የማክመው በግ ነው፤ የስልክ ነገር ብዙ አላውቅም» አለ ይሥሐቅ ጫማውን እያነሣ። «ግን በራችሁ አልተሰበረም። የገባው ሰው ቁልፉ ያለው ሰው ነው።»

ጌታነሽ ወደ ሱቋ ተመልሳ ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ እሽግ ሻይ ቅጠል ይዛ ወጣች። «እንካ» አለችው።

«ይኼ የምንድን ነው እትዬ ጌታነሽ?»

«የተጠረጠርክበት ነው።»

«እንግዲያ ነገም ጠርጥሩኝ» አለ ይሥሐቅ፤ ያን ጊዜ ሦስቱም ሳቁ።

ጽናት ግን እልኳ አልበረደም። የገባውን ስልክ ብቻ ለይቶ መከልከል ይቻል ነበር፤ አንድ ጊዜ መንካት ነው። «ግን ቁልፉን ካወቀ በሌላ ስልክ ይመጣል» አለችና ቁልፉን ራሱን ቀየረችው፤ ለማንም ትርጉም የሌለው የቁጥርና የፊደል ቅልቅል አደረገችበት፤ የእናቷን ትልቅ ስልክ በአዲሱ አስገባችና የሌላውን መውጣት አይታ አረጋገጠች። «አንድ» አለች። «አሁን ብቻሽን ነሽ።» ጌታነሽ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ እንዝርቷን አነሣች። ቃሏ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ብቻሽን ነሽ።

ቁልፉ ያለው ሰው። ያን ስም የሚያውቀው ማን ነው? እናቷ የሉም። የነፍስ አባታቸው መምሬ አፈወርቅ ያውቁታል፤ የእሳቸው ስልክ ግን ኢንተርኔት የማትይዝ የድሮ ዓይነት ናት፤ እሷንም በልጅ እጅ ነው የሚያስደውሏት። ከዚህ በኋላ ሐሳቧ አንድ ቦታ ላይ ደረሰና እንደ ደንባራ በቅሎ ወደ ኋላ አለ። ያልሆነ ነው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እንዴት አደርሽ ያላላት ሰው የሷን ኢንተርኔት አይነካም።

ከወንድሟ ጋር የተጣሉት በበርኖስ ነው። ሽማግሌው ይለብሱት የነበረውን ጥቁር በርኖስ ጌታነሽ አንድ ክረምት ሙሉ ፈትላው፣ አባይነህ ነበር የሠራው፤ መንዝ ላይ እንደሱ ያለ አልታየም ይባልለት ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብበት ውኃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል እንጂ አይሰርገውም። አባቷ ሲሞቱ ለነፍሳቸው ይሁን ብላ ለመምሬ አፈወርቅ ሰጠቻቸው። ወንድሟን አልጠየቀችውም፤ መጠየቅ እንዳለባትም አልመሰላትም። በተዝካሩ ዕለት አባይነህ ዋንጫውን ይዞ ወደ ግድግዳው መስቀያ ሲያይ ቆየና «በርኖሱስ?» አላት። «ሰጠሁት» አለችው። ዋንጫውን ሳይጠጣው አስቀመጠና ወጣ። ሊለብሰው ፈልጎ እንዳልነበር የገባት ዘግይታ ነው። መስቀያው ላይ እንዲውል ብቻ ነበር የፈለገው፤ ሲያልፍ ሲያገድም እንዲያየው፣ ምናልባትም ማንም ሳያየው እንዲያሸተው። ይህ ሲገባት ግን የይቅርታው ቃል የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አጣችው። ከዚያ ወዲህ እሱ ለጽናት «ለእናትሽ ንገሪያት» ይላል፤ እሷም «ለዚያ ሰው ንገሪው» ትላለች። መምሬ አፈወርቅ ደግሞ በየማለዳው ያንኑ በርኖስ ለብሰው በሁለቱም በር ፊት ያልፋሉ፤ ሁለቱም ተነሥተው መስቀል ይሳለማሉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን መወርወሪያው ቆመ። ይህ አዲስ አይደለም፤ ሐሙስ ሐሙስ በዚች ሰዓት ያርፋል፤ ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ ዝቅ ያለ ማጉረምረም ይሰማል። ጌታነሽ ዳዊት እየደገመ ነው ብላ ስለምታስብ እሷም ከእንዝርቷ ታርፋለች፤ ጸሎት በእንዝርት ድምፅ አይረበሽም። ዛሬ ማጉረምረሙ አልመጣም። በርጩማ ተጎተተ። እርምጃ ወደ ግድግዳው ቀረበ፤ ራቀ፤ ደግሞ ቀረበ። አንድ ሳል። ከዚያ ምርኩዝ መሬቱን ሲነካ፣ የጓሮው በር ሲከፈት ተሰማ።

«ጋሼ በዚህ ንፋስ የት ሊሄድ ነው?» አለች ጽናት በመስኮቱ እያየች።

ጌታነሽ ተነሥታ በርጩማው ላይ ወጣች። ወንድሟ ጓሳ ሣር ሊያጭድ ሄዶ ከፈረስ ከወደቀ ወዲህ ቀኝ እግሩ አይታጠፍም። አሁን ያን እግሩን ከጎን እየጎተተ የተራራውን መንገድ ይዟል፤ ንፋሱ ጋቢውን ከኋላው ይገርፈዋል። በግራ እጁ ምርኩዙን፣ በቀኝ እጁ ደግሞ አንድ ነገር ይዟል፤ በየጥቂት እርምጃው ይቆምና ዝናብ መጣል አለመጣሉን እንደሚያይ ሰው ያን እጁን ወደ ላይ ያነሣዋል። በእጁ የያዘው አብለጨለጨ። መልኩም ትልቅነቱም እሷ አልጋ ላይ ያለው ስልክ ነው።

ያን ጊዜ የአባቷ ቀብር ታወሳት። መምሬ አፈወርቅ ፍትሐቱን ሊጀምሩ ጎንበስ ብለው «ስማቸው ማን ነው?» ብለው በጆሮ ጠየቁ፤ ራሳቸው ያውቁታል፣ ሐዘን ግን አስረስቷቸው ነበር። ያን ጊዜ ስሙን የመለሰው አንድ ሰው አልነበረም፤ ሁለት አፍ እኩል መለሰ። እሷና አባይነህ።

ስልኩ አልጋው ላይ ጮኸ። ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላም። ጌታነሽ ከበርጩማው እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ማሙሽ ነው፤ ፊቱ ሙሉ፣ ሳይቆራረጥ። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ዓይኑ ግን ደህና ነው፤ ጢም አብቅሏል።

«እማዬ፣ ጋሼ ደህና ነው?» አለ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

«አይ… ዝም ብዬ ነው። ስደውልለት እምቢ አለኝ።»

«ማሙሽ!»

ማሙሽ ራሱን አከከ። ሲዋሽ የተያዘ ጊዜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያደርገው ነው። «እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ካንቺ በፊት ከሱ ጋር ነው የማወራው። እሱ ቤት ኔትወርክ የለም፤ በፊት ተራራ እየወጣ ነበር። ስልኩ ላይ ጽናት የሚል ዋይፋይ ሲመጣለት ሞክረው አልኩት።»

«ቁልፉን ማን ነገረው?»

«ማንም። ‹እናትህ ልጅ ሳለን የዳቦ ቁራሽ ስትደብቅ እንኳ በአባታችን ስም ነበር የምታስምለኝ፤ ዛሬም ሌላ ነገር አታስቀምጥም› አለና የክርስትና ስማቸውን ጻፈው። ገባ።» ማሙሽ ሳቀና ወዲያው ሳቁን መለሰ። «የሚበላብሽ እሱ ስለሆነ ካርድ ልግዛላት ይላል፤ ግን ካርዱ ያለው ያንቺ ሱቅ ነው።»

«ምን ታወራላችሁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ?»

«ስላንቺ ነዋ። እሁድ ምን ለብሰሽ እንዳስቀደስሽ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳሳልሽ። ጤና ጣቢያ ሂጂ ብዬ የነዘነዝኩሽ ተገልጦልኝ መሰለሽ?»

ጌታነሽ ጽናት ነግራው ነው ብላ ነበር የምታስበው። ጽናት ደግሞ በመስኮቱ እያየች «አሁን አቀበቱ ጋ ደርሷል። ቆሟል። እማዬ፣ እግሩን ይዞታል» አለች ቀስ ብላ።

«ቀይሪው» አለች ጌታነሽ።

«ምኑን?»

«ቁልፉን።»

«አሁን ከቀየርኩት መስመሩ ይቋረጣል እኮ! የማሙሽ ሰዓት ሊያልቅ ነው።»

ጌታነሽ ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበችው፤ ጢሙን፣ ጉንጩን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ አንድ በአንድ አየች። ሦስት ሳምንት የጠበቀችው ፊት ነው። «ማሙሽዬ፣ አሁን ይቋረጣል» አለችው። «ስትደውል ግን ለኔ አትደውል። እየጠበቅህ ለሱ ሞክር።»

«እማዬ ተራዬ ካለፈስ?»

«ይለፍ።»

ጽናት አሮጌውን ስልክ ከቆርቆሮው አወጣች። «ማን ልበል?» ጌታነሽ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ አንድ ስም ነገረቻት። የክርስትና ስም ነው፤ የሴት አይደለም፤ የአያቷም አይደለም። ጽናት ቀና ብላ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ምንም ሳትል ጻፈችው። ይህም ስም እዚህ አይጻፍም።

«የዋይፋዩ ስም ራሱ ይቀየር? እስካሁን ጽናት ነው የሚለው። እሱ ዘንድም ከላይ የሚታየው ይኼ ነው።»

ጌታነሽ በመስኮቱ ወደ አቀበቱ አየች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። «ወንድም ጋሼ በዪው» አለች።

ጽናት ጨርሳ ስልኩን ወደ ቦታው መለሰችና ነጠላዋን አነሣች። «ሄጄ ምን ልበለው?»

«ምንም አትበዪው። ቤት ኔትወርክ መጥቷል በዪው።»

ልጅቷ ሮጠች። ጌታነሽ ብቻዋን ቀረች። የራሷን ትልቅ ስልክ በአዲሱ ቁልፍ አላስገባችውም፤ አልጋው ላይ ተወችው። በርጩማው ላይ ወጥታ የአሮጌውን ስልክ መስታወት ታያለች። የገቡት፣ ባዶ። አንድ ልጅ መጥቶ የሁለት ብር ሻማ ፈለገ፤ «ቆይ ልጄ» አለችው፤ ልጁም ቆመ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ምርኩዙ በጓሮው በኩል ተሰማ። በሩ ተከፈተ። በርጩማው ተንቋቋ። ከዚያ ምንም የለም። ስሙን እያነበበ ይሆናል። ወይም አንብቦ ስልኩን አስቀምጦ ይሆናል። ባዶ። አሁን የአባታቸውን ስም እየሞከረ ነው፤ እምቢ እያለው ነው፤ እንደገና ይሞክራል፤ ሰውየው ችኮ ነው። ባዶ። ግድግዳውን በጡጫ ልትመታው እጇን አነሣች። ትምህርት ቤት ፊደል ስትቆጥር በእጁ እየመራ የወሰዳት እሱ አይደለም? የሱን የክርስትና ስም ከሷ ሌላ ማን ያውቃል? እንዴት አይገባውም?

አንድ።

ጌታነሽ አሮጌው ስልክ ላይ የመጣችውን ቁጥር እያየች ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘነበለች። ከግድግዳው ወዲያ የማሙሽ ድምፅ መጣ፤ በዚህ ጊዜ አልተደበቀም፤ ጮክ ብሎ ነው። ተቆራረጠ። ደግሞ መጣ። ቀጥሎ ግድግዳው ሦስት ጊዜ በምርኩዝ ተንኳኳ።

«ጌትዬ!»

ሻማ የሚፈልገው ልጅ ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ።

«አቤት፣ ወንድም ጋሼ!»

«ኔትወርኩ ደክሟል! የልጁ ፊት እየተቆራረጠ ነው! ስልክሽን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጊው!»

«ከመስኮቱ ካነሣሁት ጭራሽ ይጠፋል!»

ሁለቱም ወገን የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ መጀመሪያ የተናገረችው ግን ታናሿ ናት።

«አንተ ና ወደዚህ!»

በርጩማው ተጎተተ። ምርኩዙ ጓሮውን ዞሮ፣ በይሥሐቅ ደጅ አልፎ፣ በመንገዱ በኩል መጣ። አባይነህ የሱቁን በር ዝቅ ብሎ ገባ፤ ንፋስ ያቀላው አፍንጫ፣ የበግ ፀጉር የተጣበቀበት ጋቢ፤ ስልኩን ከፊቱ እንደ ፋኖስ አስቀድሞ ነው የሚመጣው። ሰላምታ አልሰጠም፤ ከየት እንደሚጀመር አላወቀም። ጽናት ከኋላው ስታለከልክ ደረሰች። ስልኩ ውስጥ ማሙሽ ሲያያቸው «እማዬ! ወይኔ፣ አብራችሁ ናችሁ?» ብሎ ጮኸ፤ ጎኑ ያለ ሌላ ወታደርም ተራዬ ደርሷል እያለ ሲጨቃጨቅ ይሰማል፤ ማሙሽም «አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ይኼ ተአምር ነው» ይለዋል።

አባይነህ የስኳሩ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን ጌታነሽ እንድታይ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አቆመው፤ እጁ ባዶ ሲሆን የሚያሳርፍበት አጣና የፈተለችውን ጥቅል አነሣ። ክሩን በጣቶቹ መሐል ሳብ አደረገው። ጠበቅ አድርጎ ሳበው። አልተበጠሰም።

«ለማን ነው?» አለ፤ ወደ እሷ ሳያይ።

«ያልተያዘ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀና ጥቅሉን ጋቢው ውስጥ አስገባው። መምሬ አፈወርቅ ስለለበሱት በርኖስ ማንም አላነሣም፤ ምናልባት ሌላ ቀን ይነሣል።

ጽናት ሻማውን ለልጁ ሸጣ ከመለሰች በኋላ የእናቷን ትልቅ ስልክ ከአልጋው ላይ አነሣች። «ያንቺንስ ላስገባው እማዬ?»

ጌታነሽ በባንኮኒው ላይ ከወንድሟ ትከሻ ጎን ጎንበስ ብላ፣ «ወደ ብርሃኑ ዞር በል እስቲ» እያለች ነበር። ቀና ሳትል በእጇ ከለከለቻት።

«ተይው» አለች። «አንዱ ይበቃናል።»